የዘመድ አውቶቡስ

መጀመሪያ የተያዩ ቀን የእሷ ፊት በሙሉ ጥቁር ዘይት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ሁለት አካል ኖሮት መሐሉ ላይ እንደ አኮርዲዮን በሚተጣጠፍ ጎማ የተያያዘውን ረጅሙን የከተማ አውቶቡስ ታውቁታላችሁ። ሞተሩ ያለው ከኋላኛው አካል መጨረሻ ላይ ነው። ልጅቷ ደግሞ የጋራዡ ፈታሽ ናት፤ ጠዋት ጠዋት አውቶቡሶቹ ለሥራ ከመውጣታቸው በፊት የሞተሩን ክዳን ከፍታ፣ የእጅ ባትሪዋን አብርታ፣ ጭንቅላቷን ከብረቱ መሐል ትከታለች። ከባትሪዋ ተለይታ ስለማታውቅ ሹፌሮቹ ስሟን ትተው «ባትሪ» ይሏታል። የዚያን ቀን ጭንቅላቷን እንደከተተች አዲስ የተመደበ ሹፌር ከፊት ገብቶ ሞተሩን አስነሳው። አንድ ያረጀ ቱቦ ዘይቱን ፊቷ ላይ ተፋባት።

ባትሪ በንዴት ጦፋ ወደ ፊት ገሰገሰች። ግን አውቶቡሱ ረጅም ነው። ስትነሳ ልትገድለው ነበር፤ መተጣጠፊያው ጋ ስትደርስ ልትሰድበው፤ ከሹፌሩ መስኮት ሥር ስትደርስ ግን ትንፋሽ አጥሯት የምትለው ሁሉ ጠፋባት። ልጁ ቁልቁል አይቷት ክው አለ።

«ይቅርታ እህቴ... ከዚህ ሆኖ ኋላ ያለ ሰው አይታይም» አላት።

«ቢታይህስ ምን ልታደርግ ነበር?»

«ቢታየኝማ መሀረቤን ይዤ እጠብቅሽ ነበር።»

መሀረቡን በመስኮት ዘረጋላት። ተቀበለችው፤ አልሳቀችም። የሳቀችው ወደ ኋላ ተመልሳ ማንም በማያያት ቦታ ነው። እውነቱን ለመናገር ልቧ የሸፈተው እዚያው ሞተሩ አጠገብ፣ በሰው መሀረብ ፊቷን ስትጠርግ ነው።

ከማግስቱ ጀምሮ ልጁ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት እስከ ኋላ ድረስ እየሄደ ያስፈቅዳት ጀመር። «ላስነሳ?» ይላታል። «ቆይ» ትለዋለች። አንዳንዴ የምትፈትሸው ነገር ሳይኖር እንዲሁ «ቆይ» ትለዋለች፤ እሱም ገብቶት ይቆያል። ይህን ልጅ ሹፌሮቹ «ቀስታ» ይሉታል፤ ቆመው የሚሄዱ እናቶች እንዳይንገዳገዱ ብሎ መታጠፊያ ላይ ስለሚያዘግም። ከኋላው ክላክስ ሲያጮሁበት እጁን በመስኮት አውጥቶ «እለፉ» ይላቸዋል እንጂ አይጣደፍም። ባትሪ በሕይወቷ ሁሉም ሰው ሲያጣድፋት ነው የኖረችው። ከዚህ ልጅ ጋር ስትሆን ግን ጊዜ ራሱ አረፍ የሚል ይመስላታል።

ያ ዘይት የተፋባት ቱቦ ግን እንቅልፍ ነሳት።

ቱቦው ዘይት የሚያስተላልፍ የጎማ ቱቦ ነው፤ የሚያልፈውም እንደ ምድጃ ከሚግለው የጭስ ማውጫ በላይ ነው። አርጅቶ ላብ እንደሚያልበው ሰው ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል። ዘይት የጋለ ብረት ላይ ሲንጠባጠብ መጀመሪያ ይጨሳል፣ ከዚያ አንድ ቀን አይጨስም፣ ይነድዳል። በሞተሩ ክፍል ውስጥ እሳት ሲነሳ በራሱ የሚረጭ ማጥፊያ ነበር፤ ጠርሙሱ ባዶ ከሆነ ቆይቷል። ባትሪ አዲስ ቱቦ ጠየቀች። የጋራዡ ኃላፊ «ታዟል፣ እየመጣ ነው» አሏት። ደግማ ጠየቀች። አሁንም እየመጣ ነው። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደሉም፤ በአንድ ጆሯቸው የእሷን ልመና፣ በሌላው በየፌርማታው ፀሐይ ላይ የተሰለፈውን ሕዝብ ሮሮ እየሰሙ መሐል ላይ የደረቁ ሰው ናቸው።

ስለዚህ ባትሪ የምትችለውን አደረገች። ቱቦውን በብረት ማሰሪያ ታጠብቀዋለች፣ ከሥሩ የተጠራቀመውን ዘይት ትፍቃለች። ደረቅ ሆኖ ባገኘችው ቀን የአውቶቡሱን ጎን በመዳፏ መታ መታ ታደርጋለች፤ በዚያ ጋራዥ ይህ ማለት «ይውጣ» ነው። እርጥብ በሆነ ቀን እጇን ኪሷ ትከታለች። ያን ቀን ቀስታ ሥራ የለውም፤ አውቶቡስ ያጡ ሹፌሮች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይውላል። አግዳሚው ደግሞ የነገረኛ መናኸሪያ ነው። ልጅቷ ልጁ እንዳይርቃት ብላ ነው አውቶቡሱን የምታስቀረው እያሉ ይስቁ ጀመር። ቀስታም መጀመሪያ መጀመሪያ አብሯቸው ይስቅ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጎማ መጋዘኑ ጥላ ሥር ሻይ እየጠጡ ሳለ ቀስታ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ።

«እናቴ ልታይሽ ትፈልጋለች» አላት።

«ለምን?»

«ስላንቺ ሳወራባት ጆሮዋ ደነቆረ። አምጣትና እኔም ልገላገል አለች።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባትሪ... እኔ ካንቺ ጋር ሌላ ዓይነት ኑሮ ነው የምፈልገው። ጠዋት ጠዋት ብቻ ሳይሆን።»

ባትሪ እሺ ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በዚያ ጋራዥ ከሁሉ የከበደ አንድ ሕግ አለ፤ ማንም ፈታሽ የዘመዱን አውቶቡስ አይፈትሽም። ወንድም ይሁን ባል ይሁን እጮኛ፣ ዝምድናው እንደታወቀ አውቶቡሱ በዚያው ሰዓት ወደ ሌላ ፈታሽ ይዛወራል። ሌላው ፈታሽ ደግሞ አጎቴ ናቸው።

አጎቴ የሁሉም አጎት ናቸው። ባትሪን ሥራ ያስተማሯት፣ መጀመሪያ የእጅ ባትሪ የገዙላት እሳቸው ናቸው። አሁን ግን ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሏል፣ ዓይናቸውም እየደከመ ነው። ቱቦውን ጎንበስ ብለው አያዩትም፤ በጨርቅ ይጠርጉትና በእጃቸው ዳሰስ አድርገው «ደረቅ ነው» ይላሉ። ከጠረጉት በኋላማ ምን ሊገኝ! ይህን ከባትሪ በቀር ማንም አያውቅም። ብትናገር እኚያ ሽማግሌ ጡረታቸው ሳይደርስ ከሥራ ይወጣሉ፤ አልጋ ላይ የዋለች ሚስት አለቻቸው። ብትደብቅና ቀስታን እሺ ብትለው ደግሞ አውቶቡሱ እሳቸው እጅ ይገባል። እዚህም እዚያም ገደል ሆነባት።

«ትንሽ ቆይ» አለችው።

«እስከ መቼ?»

«ቱቦው እስኪመጣ።»

ቀስታ እየቀለደች እንደሆነ ለማየት ፊቷን መረመረ። እየቀለደች አልነበረም።

«ፍቅራችን በቱቦ ነው እንዴ የሚጠበቀው?» አላት። ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። ምክንያቱን ጠየቃት፣ አልነገረችውም። ሌላ ሰው አለ ወይ አላት፣ የለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄደ፤ አካሄዱም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጠነባት። ብርጭቆውን አንስታ ይዛው ብዙ ቆየች።

በሳምንቱ ቱቦው ክፉኛ አንጠባጥቦ ባትሪ እጇን ኪሷ ከተተች። ያን ቀን ግን ሌላ አውቶቡስም ተበላሽቶ ነበርና መስመሩ ባዶውን ቀረ። የጋራዡ ኃላፊ ከቢሯቸው ወጥተው በሹፌሮቹ ሁሉ ፊት ጠሯት። ላብ አጥምቋቸዋል፤ ስልካቸው በእጃቸው እንደያዙት ይጮሃል።

«አግዳሚው ላይ የሚወራው እውነት ነው ወይ? አንቺና ይህ ልጅ ምንድን ናችሁ?»

ቀስታ እዚያው ቆሟል። ዓይኖቹ እሷ ላይ ናቸው። ምን እንደምትል ለመስማት የሚጠብቀው እሱ ብቻ እንደሆነ፣ ሌላው ሁሉ እንደሌለ ያህል ያያታል። ባትሪ «እወደዋለሁ» ለማለት የፈለገችውን ያህል ምንም ነገር ፈልጋ አታውቅም። ይህን ካለች ግን አውቶቡሱ ነገ ጠዋት ከእጇ ይወጣል።

«ምንም አይደለንም» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሰላምታ እንኳ የለንም። እንደማንኛውም ሹፌር ነው።»

እዚህ ላይ አበዛችው። ውሸት ያልለመደ ሰው ሲዋሽ ልክ አያውቅም። አግዳሚው ላይ የነበረው ሳቅ ቀጥ አለ። ቀስታ መሬት መሬቱን አየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኃላፊው ቀረበ።

«እንግዲያውስ ይቺ ልጅ ቂም ይዛብኛለች ማለት ነው» አለ። «ከሁሉ የእኔን መርጣ ነው የምታስቀረው። ሌላ ሰው ይፈትሽልኝ።»

ኃላፊው እፎይ አሉ። በዚያው ቅጽበት አውቶቡሱ ለአጎቴ ተሰጠ። አያችሁት? ሰውየውን ከአውቶቡሱ ለመጠበቅ ብላ ካደችው፣ በክህደቷ ምክንያት ሁለቱንም በአንድ ጠዋት አጣች።

ከዚያ በኋላ ያልሞከረችው የለም። አጎቴን ለመነቻቸው። «አየሁት እኮ ልጄ፣ ደረቅ ነው» አሏት። ጨርቁ እጃቸው ላይ ነበር፤ በዘይት ርሷል። እሷ ልታይላቸው እጇን ስትሰነዝር ኃላፊው ከሩቅ አይተው ጮኹባት። ቢሯቸው ድረስ ሄዳ እያለቀሰች ስለ ቱቦው አስረዳቻቸው፤ የአጎቴን ነገር ግን እንደምንም ዋጠችው። ኃላፊው ግንባራቸውን በእጃቸው ደግፈው ሰሟት።

«ምንም ካልሆናችሁ ምን አስለቀሰሽ?» አሏት። «የሆነ ነገር ከሆናችሁ ደግሞ ቃልሽን አልቀበልም። እኔስ ምን ላድርግ ልጄ? ሕዝቡ በእግሩ ይሂድ?»

ከቢሯቸው ወጣች። ወደ ቀስታ ሄደች። የሹፌሩ መስኮት ሥር፣ ያኔ መሀረብ የተቀበለችበት ቦታ ቆማ «አትውጣበት፣ እባክህ» አለችው። ቀስታ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ «እንደማንኛውም ሹፌር ነኝ» አለና መስኮቱን ዘጋው። አጎቴ የአውቶቡሱን ጎን መታ መታ አደረጉ። የጋራዡ በር ተከፈተ።

እንዲህ ያሉ ቀናት እንዴት ያልቃሉ? ጠዋት ሲወጣ ታየዋለች፣ ማታ እስኪገባ በሩን ታያለች። መካከሉን ሰው ቢያወራት አትሰማም። ሲገባ ነፍሷ ትመለሳለች፤ ሲነጋ እንደገና ትወጣለች።

እሳቱ የተነሳው አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ነበር። ባትሪ የሬዲዮ መገናኛው ክፍል በር ላይ ቆማለች፤ አውቶቡሶቹን ሁሉ በሬዲዮ የምታነጋግረው ሴትዮ ጓደኛዋ ናት፣ የቀስታን ድምፅ እንድትሰማ ብላ ዝም ትላታለች። የዚያን ዕለትም ድምፁ መጣ፤ እንደ ሁልጊዜው ዝግ ያለ ነበር።

«ከኋላ ጭስ አለ ይላሉ ተሳፋሪዎቹ። አቁሜያለሁ።»

ባትሪ ወደ ውስጥ ገባች። ሴትዮዋ ለእሳት አደጋ ደወለች። መንገዱ ተጨናንቋል፣ መኪናው ግን ተነስቷል አሏት። ቀስታ ደግሞ ተሰማ፣ አሁን ድምፁ ተለውጧል።

«ከፊት ያሉት ወርደዋል። መተጣጠፊያው ጎማ በእሳት ተያይዟል። የኋላ በሮች አልከፈት አሉኝ፤ ሰው አለ ውስጥ።»

በሮቹ የሚከፈቱት በታመቀ አየር ነው። የአየሩ መስመር ከተቃጠለ ቁልፉን ቢጫኑት አይከፈቱም። ባትሪ መነጋገሪያውን ከሴትዮዋ እጅ ነጠቀች።

«ቀስታ፣ ከበሩ በላይ ቀይ እጀታ አለ። አዙረውና በሩን በእጅህ ግፋው። ሰማኸኝ?»

መልስ የለም።

«ቀስታ... ከበሩ በላይ። ቀይ እጀታ።»

ሬዲዮው ጭጭ አለ። ሰውየው ወንበሩን ትቶ ወደ ኋላ እንደሮጠ ገባት፤ የምታወራው ለባዶ ወንበር ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ መነጋገሪያ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ልትሮጥ ብትል ቦታው ከተማው ማዶ ነው። ልትጮህ ብትል ማን ይሰማታል። ቁልፉን ተጭና ዝም ብላ ማውራት ቀጠለች፤ ሌላ የምታደርገው አልነበራትማ።

«ያኔ ያልኩት ውሸት ነው። ውሸት ነው ቀስታ። አውቶቡስህን እንዳይወስዱብኝ ብዬ ነው። እወድሃለሁ... እናትህ ጋ እሄዳለሁ፣ ዛሬውኑ እሄዳለሁ፣ ብቻ ተመለስና መልስልኝ።»

በየመስመሩ ያለው ሹፌር ሁሉ ሬዲዮው ክፍት ነበር። ከመሃል ከተማ እስከ ዳርቻው፣ በየአውቶቡሱ ውስጥ የልጅቷ ለቅሶ ተሰማ። አግዳሚው ላይ የነበሩት እነዚያ ነገረኞች በክፍሉ በር ላይ ተሰብስበው አዳመጡ። ከእሱ በቀር ሁሉም ሰማት።

ሰው አልሞተም። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ልባችሁ ተንጠልጥሎ እንዳይቆይ። ቀስታ እጀታውን ራሱ አግኝቶት ነበር። ግን አየሩ ያለቀ በር ተመልሶ ይዘጋል፤ ስለዚህ ሁለቱን የበር ክንፎች በሁለት እጁ ለያይቶ ይዞ መሐላቸው ቆመ። ሰዎቹ በክንዱ ሥር እየሾለኩ ወጡ። ብረቱ እየጋለ ሄደ፤ እሱ አልለቀቀም። የመጨረሻዋ እናት ስትወርድ እጆቹ ከበሩ ጋር ተጣብቀው ነበር።

ባትሪ ሆስፒታል እንድትገባ የተፈቀደላት ከቀናት በኋላ ነው። ኮሪደሩ ላይ አጎቴ ተቀምጠው አገኘቻቸው፤ ከእሱ ዘንድ ወጥተው ነው። ዓይናቸው ቀልቷል። ሁሉንም ነግሬዋለሁ አሏት፣ ዓይኔንም ጉልበቴንም፣ አንቺ ለእኔ ብለሽ ዝም እንዳልሽም። ለኃላፊውም ነግረው ሥራውን ለቀዋል። ልትቆጣቸው ፈልጋ ነበር፤ ስታያቸው ግን አቅፋቸው አለቀሰች።

ቀስታ ሁለት እጆቹ እስከ ክርኑ በነጭ ፋሻ ተጠቅልለው አንሶላው ላይ ተዘርግተዋል። ጭሱ ድምፁን ወስዶታል፤ የሚሰማው እንደ ሹክሹክታ ነው። አጠገቡ ተቀመጠች። የምትይዘው እጅ ስላጣች ክንዱን ከላይ፣ ፋሻ የሌለበትን ቦታ፣ በሁለት ጣቷ ነካችው።

«ሬዲዮ ላይ የሆነ ነገር ተናግረሻል አሉ» አላት።

«አዎ።»

«ከተማው ሁሉ ሰምቷል። የነርሷ አጎት ሳይቀር ሰምቷል። ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

«ልድገምልህ?»

«ቆይ። እናቴ ውሃ ልታመጣ ወጥታለች። እሷም አልሰማችም።»

ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ። ቀስታ ጠበቃት። ከዚያ ጣሪያውን እያየ ሐኪሙ ያለውን ነገራት፤ ቁስሉ ይድናል፣ ጣቶቹ ግን ከእንግዲህ በደንብ አይጨበጡም። መሪ የሚይዙ እጆች አይሆኑም።

«አውቶቡስ የለኝም እንግዲህ» አላት። «ማንም የሚፈትሸው አውቶቡስ የለኝም። አሁን የሚከለክለን የለም፣ ባትሪ።»

ስንት ጊዜ የተመኘችው ነገር ነበር። እንዲህ ሆኖ እንዲመጣ ግን አልነበረም። እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። እናቱ ውሃውን ይዘው በሩ ላይ ደርሰው ነበር። አንዴ እሷን አንዴ ልጃቸውን አዩና ጠርሙሱን አስቀምጠው፣ «አንቺ ነሽ እንዴ?» አሏት። «ነይ እስቲ ልጄ፣ ፊትሽን ልየው።»

ተጋቡ። ትንሽ ግብዣ፣ ብዙ ሹፌር። ቀስታ ከትኬት መሸጫ መስኮቶች አንዱ ላይ ተመደበ። ከእሳቱ በኋላ ቱቦ መጣ፤ ግን ለሁሉም አልበቃም። ለተረፉት እየመጣ ነው ተባለ። ባትሪ ሥራዋን ልትተው አስባ ነበር፤ ማን ጎንበስ ብሎ ያይላቸዋል ብላ ቀረች። ጠዋት ትገባለች፣ ታጠብቃለች፣ ትፍቃለች፣ የሚቀረውን ታስቀራለች፣ የማይቀረውን ትሸኛለች። ሌሎቹ ሹፌሮችም እናትና ሚስት አላቸው።

ማታ ቤት ስትገባ ቀስታ ቀድሞ ገብቶ ይጠብቃታል። እንዴት ዋልሽ አይላትም።

«ሁሉም ገቡ?» ይላታል።

«ገቡ።»

ያን ጊዜ ነው እራት የሚቀርበው።

ባለፈው አንድ ምሽት ግን ባትሪ በሩን ከፍታ ገብታ ጃኬቷን ሳታወልቅ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቀስታ ጠየቃት።

«አንዱ አልገባም» አለችው። «ሬዲዮውም አይመልስም። ሲያውቁ ይደውሉልኛል።»

ሌላ ምን ሊያደርጉ? ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሁለቱም እሱን እሱን አዩ። ቀስታ ወንበሩን ሳበና ከጎኗ ተቀመጠ፤ የማይጨበጠውን እጁን እጇ ላይ ጣል አደረገላት። ስልኩ ሲጮህ ሁለቱም ደነገጡ። ሬዲዮው ተበላሽቶ፣ ጎማም ፈንድቶበት፣ መንገድ ዳር ቆሞ ኖሯል፤ አሁን ገብቷል።

«ገባ» አለችው ባትሪ፤ እጇን ግን ቶሎ ከእጁ ሥር አላወጣችውም። ከዚያ ተነስታ ጃኬቷን አወለቀች። እራቱ ቀዝቅዞ ነበር፤ ሳያሞቁት በሉት።